የደገፉ ስክሪን

ደገፉን በሕይወት እያለ አላገኘሁትም። ከሚስቱ ከወይንሸት ግቢ የኋላዋን ክፍል ስከራይ እሱ ከሞተ ወራት አልፈው ነበር። ፎቶውን ሳሎኗ ግድግዳ ላይ አይቻለሁ፤ ከፎቶው ግን ምንም አላወቅሁም። ክራባት ያሰረ፣ ፎቶ አንሺው ቀና በል ያለው ሰው ነው። ያወቅሁት በኮምፒውተሩ ነው።

ግቢው ወላይታ ሶዶ ውስጥ ከፍርድ ቤቱ ዝቅ ብሎ መንገድ ዳር ነው። ወደ መንገዱ የሚከፈተው ክፍል ጽሕፈት ቤት ነው። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ክዳኑ የተሰነጠቀ ኮፒ ማሽን፣ ደንበኛ ተራ የሚጠብቅበት አግዳሚ አለ። ከየወረዳው የመጣ ባለጉዳይ አቤቱታውን፣ መልሱን፣ ይግባኙን እዚያ ያስጽፋል። ድሮ ደገፉ ይጽፍ ነበር፤ ወይንሸት ኮፒ ታነሳ፣ ስቴፕለር ትመታ፣ ሰው ታስተናግድ ነበር። እሱ ሲሞት ወንበሩ ላይ እሷ ተቀመጠች። መጻፉን ድሮም ታውቅበታለች፤ ጣቷ ፈጣን ነው። ያስቸገራት ማሽኑ ነው።

እኔ ያኔ ከሀንጋሪ ከተመለስኩ ብዙም አልቆየሁም። ደብረፀን በሚባል ከተማ ኮምፒውተር ተምሬ፣ እዚያው ትንሽ ሠርቼ ተመለስኩ። ያደግሁበት ጉኑኖ ያለው አባቴ «እግዚአብሔር መለሰህ» ይላል። እኔ የመለሰኝ እግዚአብሔር ይሁን የመኖሪያ ፈቃዴ ማብቃት እርግጠኛ አይደለሁም። ሶዶ ክፍል የተከራየሁት ኢንተርኔቱ ስለሚሻል ነው እላለሁ ለጠየቀኝ ሁሉ። እውነቱን ለመናገር ጉኑኖ ሰው ሁሉ ስለሚያውቀኝ መቀመጥ አልችልም፣ ሶዶ የመጣሁት ማንም ስለማያውቀኝ ነው። ገበያ ገብቼ በወላይትኛ ስጠይቅ ሻጩ በአማርኛ ይመልስልኛል። ቃሉ አልጠፋኝም፤ ዜማው ነው መሰለኝ የጠፋኝ።

ዝናቡ በጠናበት በሰኔ፣ አንድ ቀን ጠዋት ወይንሸት በሬን አንኳኳች።

«በእምነት፣ ሥራ ላይ ነህ?»

«አይደለሁም፤ ግቢ እትዬ።»

«አልገባም፣ እግሬ ጭቃ ነው። አንተ ነህ የምትወጣው። ያቺ ማሽን ዛሬ ደግሞ ታችዋን አጠፋች።»

«ታችዋን?»

«ታች ያለውን ነዋ። ሰዓቱን፣ መክፈቻውን፣ ሁሉን። ሳልነካት! እሺ፣ ነክቻት ይሆናል። ስልክ ጠጋኙን ብጠራው ፎርማት ካልተደረገች አትድንም አለኝ። ፎርማት ከተደረገች የሰው ጽሑፍ ሁሉ ይጠፋል። ታዲያ ጋሽ ቦልቴ ሲመጣ ባዶ ሳጥን ይዤ ልጠብቀው?»

ቦልቴ የደገፉ ታላቅ ወንድም ነው፤ የሞተር ብስክሌት መለዋወጫ ይሸጣል። መንገድ ዳር ያለው ክፍል ከአባታቸው የቀረ ነው። ከለቅሶው በኋላ የቤተሰቡ ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ጽሕፈት ቤቱ እየሠራ ከሆነ ክፍሉ የወይንሸት ይሁን፣ ሥራው ከቆመ ግን ቦልቴ ይግባበት ብለዋል። ቀጠሮው ፍርድ ቤቱ ለክረምት እስኪዘጋ ነው። ይህን ግቢው ውስጥ የማያውቅ የለም፤ እኔም በገባሁ ሰሞን ነው የሰማሁት። ቦልቴ ራሱ አልፎ አልፎ መጥቶ አግዳሚው ላይ ይቀመጥና የሚገባ የሚወጣውን ያያል።

ተከትያት ሄድኩ። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ መጀመሪያ ማውሱን አጣሁት። ከኪቦርዱ በስተግራ ነበር። ይዤ ስጫነው ደግሞ የጠበቅሁት አልመጣም፤ ሌላ ዝርዝር ተዘረገፈ።

«በግራው ነበር የሚሠራው?»

«በልቶም በግራው፣ ጽፎም በግራው። አስተማሪ መትቶት መትቶት ተወው ይላሉ እናቱ።»

ደገፉ የማውሱን ሁለት ቁልፎች አቀያይሯቸዋል። መሥመሩን፣ የፊደሉን መጠን፣ የአቋራጭ ቁልፎቹን፣ ሁሉን ለራሱ እጅ አድርጎ ሠርቶታል። ማሽኑ ላይ በዊንዶውስ ፈንታ የጫነው ሊኑክስ ነው፤ የደንበኛ ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ ተሸክሞ ስለሚመጣ በዚያ ተገላገለ። ወይንሸት ይህን ስነግራት እጇን አገጯ ላይ አደረገች።

«ስለዚህ እኔ አይደለሁም?»

«ምን?»

«የምጫነው ሁሉ የማልፈልገውን ሲያመጣብኝ ወራት ሆነው። ባሌ ሲሞት ልቤ አብሮ የጠፋ መስሎኝ ነበር። ደንብዤ ቀረሁ ብዬ ነበር።»

የጠፋውን የታችኛውን መሥመር ወዲያው መለስኩላት። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሳየው ግን ሌላ ነገር ነው። ስክሪኑ ላይ ፎልደሮች ተበትነዋል። በረድፍ አይደሉም፣ በፊደል ተራም አይደሉም። እዚህ አምስት ስድስት ተጣብበው፣ እዚያ አንድ ብቻውን፣ ከላይ መሃል ላይ ደግሞ ሰፊ ባዶ ቦታ። እያንዳንዱ ላይ የሰው ስም ተጽፏል፤ ስም ብቻ።

«ይህንንም አስተካክልልኝ» አለች። «አንድ ሰው ሲመጣ ስሙን ስፈልግ ዓይኔ ይጠፋል። ሰው እየጠበቀ፣ እኔ እንደ ዶሮ ጥሬ እለቅማለሁ።»

«ዴስክቶፑን ወደ መጀመሪያው መመለስ ይቻላል» አልኳት።

«መጀመሪያው ማለት?»

«ማንም ሳይነካው እንደነበረው። ፎርማት አይደለም፤ ጽሑፎቹ አይነኩም። መልኩና አቀማመጡ ብቻ ነው የሚመለሰው። ማውሱም ለቀኝ ይሆናል፣ ፎልደሮቹም በፊደል ተራ ይሰለፋሉ።»

«አንድም ወረቀት አይጠፋም?»

«አንድም።»

«እና ምን ትጠብቃለህ?»

ምንም አልጠበቅሁም፤ ልጀምር ነበር። ለጥንቃቄ ስሞቹን ሳነብ ከላይ በስተግራ በኩል የማውቀውን ስም አየሁ። ባሮክ ጦና። የአባቴ ጎረቤት ነው፤ ከወንድሙ ጋር በድንበር የተካሰሰ፣ ጉኑኖ ውስጥ ጉዳዩን ያልሰማ የለም። አጠገቡ ያለው ስምም የጉኑኖ ሰው ነው። ሦስተኛውም።

«እትዬ፣ ብሩክታይት የምትባለው የየት ናት?» አልኩ፤ በስተቀኝ ዝቅ ብላ ያለችውን እያሳየሁ።

«የበዴሳ ናት። ከባሏ ወንድሞች ጋር የመሬት ክስ የያዘች።»

«ይህስ፣ ከሥሯ ያለው?»

«እሱም የበዴሳ ነው። ከብት ነጋዴ።»

«ይህ፣ እታች ድረስ የወረደው?»

«የሁምቦ። ለምን ትጠይቀኛለህ?»

ሀንጋሪ ሳለሁ፣ ክረምቱ ሲጨልምብኝ፣ ኢንተርኔት ላይ የወላይታን ካርታ ከፍቼ በማውስ እየተጓዝኩ የማመሽበት ጊዜ ነበር። ከአረካ ወደ ዱቦ፣ ከዚያ ወደ ጉኑኖ፣ ወደ ሶዶ። ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ የሚነገርም ነገር አልነበረም። ያን ካርታ እጄ ያውቀዋል። አሁን ዓይኔ ፊት የነበረው እሱ ነው። ከላይ በስተግራ ጉኑኖ፣ ከሱ ከፍ ብሎ የዱቦና የአረካ ሰዎች። በስተቀኝ ከላይ ቦዲቲ። በስተቀኝ ዝቅ ብሎ በዴሳ። ከታች ሁምቦ። መሃሉ ላይ የተጨናነቁት የሶዶ ደንበኞች። ከነሱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ የዳሞታ ተራራ ነው።

ደገፉ ሰዎቹን ያስቀመጣቸው የሚኖሩበት ነው። 

ነገርኳት። እያንዳንዱን በጣቴ እየነካሁ አሳየኋት። ወይንሸት ጎንበስ ብላ ስታይ ቆየችና ቀና አለች። መጀመሪያ ልትስቅ ነበር፤ ግን አልሳቀችም።

«ይህ ሰውዬ!» አለች። «'የእገሌን የት አደረግከው?' ስለው 'ቤቱ ነዋ፣ የት ይሄዳል' ይለኝ ነበር። ሁልጊዜ። የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ስንት ጊዜ አኩርፌዋለሁ። አንድ ቀን እንዲያውም ራት አላቀረብኩለትም።»

«አላስረዳሽም?»

«እሱ ማስረዳት ያውቅ ነበር እንዴ? የሰው አቤቱታ እንደዚያ አሳምሮ ይጽፋል፤ ቤት ሲገባ ቃል የለውም።»

ያን ቀን ዴስክቶፑን አልመለስኩትም። የተወሰነ ቀን ስጪኝ አልኳት። አንዴ ካርታ መሆኑን ካወቅሽ ከፊደል ተራ ይፈጥንልሻል፣ እኔ አለማምድሻለሁ አልኳት። የማውሱን ቁልፎች ብቻ ወደ ቀኝ መለስኩላት። አመነችኝ፤ ውጭ የተማረ ሰው የሚለውን ለማመን ሰው ይቸኩላል።

አለማመድኳት። ጠዋት ጠዋት ደንበኛ ሳይበዛ አጠገቧ ቆሜ «በዴሳ በስተቀኝ» እላለሁ።

«በማን ቀኝ?»

«በስክሪኑ ቀኝ።»

«እኔ በዴሳ ነው የተወለድኩት፤ ወደ በዴሳ ስሄድ ከዚህ ወጥቼ በግራዬ ታጥፌ ነው ሚኒባስ የምይዘው። አንተ ቀኝ ትለኛለህ።»

«ከላይ ስታዪው ነው፤ እንደ ወፍ።»

«ወፍ ሆኜ አላውቅም» አለችኝ።

አልቀለደችም። ለሷ በዴሳ የሚኒባሱ ረዳት ድምፅ ነው፣ የገበያው ቀን ነው፣ እናቷ ቤት መድረሻው ጠባብ መንገድ ነው። ጉኑኖ ሄዳ አታውቅም። ዱቦ አንዴ ለሕክምና ሄዳለች፤ የምታስታውሰው ወረፋውን ነው። የወላይታን ምድር ከላይ አይታው አታውቅም፤ ለምን ታየዋለች? ደገፉ የት አየው? የሚለው ጥያቄ ግን ከኔ አልወጣ አለ። ወይንሸትን ጠየቅኋት፤ መንገድ ሠራተኛ ሆኖ ያውቅ እንደሆነ፣ ካርታ ይወድ እንደሆነ። አላወቀችም። ምናልባት ዳሞታ ወጥቶ ቁጭ ብሎ ያየ ይሆናል። ምናልባት እንደኔ ብቻውን ስክሪን ላይ ተጉዞ ይሆናል። ማታ ክፍሌ ገብቼ ሥራ ልፈልግ ላፕቶፔን ስከፍት፣ ከማመልከቻው ይልቅ ስለሱ የማስብ ሆንኩ። ሶዶ ውስጥ ላወጋው የምችል አንድ ሰው ነበረ፤ እሱም ቀደመኝ።

ከዚያ ቦልቴ ባለበት ቀን ሆነ ነገሩ። 

ዝናብ አግዳሚውን በሰው ሞልቶት ነበር። ቦልቴ ጥግ ላይ ጃንጥላውን እግሮቹ መሃል አቁሞ ተቀምጧል። ከሁምቦ የመጡ ኤልሳዕ የሚባሉ ሽማግሌ፣ የቆየ አቤቱታቸው ላይ አንድ አንቀጽ ተጨምሮ ከሰዓት በፊት ፍርድ ቤት መግባት አለበት ይላሉ። ወይንሸት ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች።

«ታች» አልኳት በሹክሹክታ፣ ከኮፒ ማሽኑ ጎን።

ማውሱን ወደ ግራ ወሰደችው። የባሮክን ከፈተች። ዘጋች። የሌላ ሰው ከፈተች።

«ታች፣ ታች» አልኩ።

ኤልሳዕ አንገታቸውን አስግገው አዩ። «ልጄ፣ ሁምቦን ነው የምትፈልጊው?»

«አዎ አባቴ፣ አገኘዋለሁ።»

«ሁምቦ እንዴት ይጠፋል? አስፋልት እኮ ነው!»

አግዳሚው በሙሉ ሳቀ። ወይንሸትም ፈገግ አለች፤ ዓይኗን ግን ከስክሪኑ አላነሣችም። አንዷ ሴት ከወዲያ «ባላጋራዎት አስደብቆት ይሆናል አባ» ብላ ጨመረች። ሽማግሌው እውነት ፈርተው ብድግ አሉ። ወይንሸት ተጣድፋ ስሙን አይታው አለፈችው፤ እኔ አየኋት። ዘልዬ ገባሁና ከፈትኩላቸው።

ያልሳቀው ቦልቴ ብቻ ነው። ሰዉ ሲቀንስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወንድሜ እንዲህ ነበረ» አለ፤ ለማንም አይደለም። «ልጅ ሆነን ማታ ከብት ስናስገባ፣ የትኛዋ የት እንደምትቆም የሚያውቅ እሱ ነው። ሌላ ሰው ካሰራቸው ሲጮኹ ያድራሉ። አባታችን 'ይህ ልጅ ከሞተ ከብቱን ማን ያስተኛል' ይል ነበር።» ከዚያ ወደ ወይንሸት ዞረ። «እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም፤ ታውቂያለሽ። ግን ሰው ከሁምቦ ድረስ መጥቶ በዚህ ዓይነት አይመለስም። ፍርድ ቤቱ ሊዘጋ ነው።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«እንግዲህ እኔ ቅዳሜ እመጣለሁ። ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁኝ ያየሁትን ነው የምናገር።»

ጃንጥላውን ዘርግቶ ወጣ። ወይንሸት በሩን ገርበብ አድርጋ ተመለሰችና ፊት ለፊቴ ቆመች። ቁጣዋን አይቼው አላውቅም ነበር።

«ለምን አትመልሰውም?»

«ትንሽ ብትለማመጂ...»

«በእምነት። ያን ቀን 'ምን ትጠብቃለህ' አልኩህ። ዛሬም እጠይቅሃለሁ። ለማን ነው የምታቆየው?»

«ለአንቺ። የሱ ነገር ነው ብዬ፣ ከጠፋ አይመለስም ብዬ...»

«ለእኔ?» ሳቀች፤ ደረቅ ሳቅ። «እኔ እሱን የማስታውስበት ጠፍቶኝ ነው? ኮቱ በር ኋላ ተሰቅሏል። አልጋው ላይ የተኛበት ጎን ጎድጉዷል። ወንድሙ የሱን ፊት ይዞ አግዳሚዬ ላይ ይቀመጣል። እኔ ማስታወሻ ሞልቶኛል፤ ያጣሁት ሥራ ነው። አንተ ሰውየውን አንድ ቀን አላየኸውም። ድምፁን አልሰማህም። ታዲያ ለማን ነው?»

መልሱ የሚነገር አይደለም። ከተመለስኩ ጀምሮ ይህን አገር እኔ በማየው ዓይን ያየ ሌላ ሰው ያገኘሁት ያ ስክሪን ላይ ብቻ ነው እንዴት ይባላል፤ ያውም ክፍሏን ልታጣ ለደረሰች ሴት?

«አሁን እመልሰዋለሁ» አልኩ።

«አሁን» አለች።

ተቀመጥኩ። የዴስክቶፑ ቅንብር የሚቀመጠው ተደብቆ በሚኖር ፎልደር ውስጥ ነው። ከማጥፋቴ በፊት ከፍቼ አየሁት። እዚያ ውስጥ ካርታ የለም፣ ተራራም የለም። የሰው ስም አለ፣ ከስሙ ሥር ሁለት ቁጥር፣ ረድፉና ዓምዱ። ብሩክታይት እዚህ ቁጥር ላይ፣ ባሮክ እዚያ ቁጥር ላይ። ደገፉ አንድ በአንድ እየጎተተ ሲያስቀምጣቸው ማሽኑ የመዘገበው ይህንን ብቻ ነው። ቅጂውን ፍላሼ ላይ ገለበጥኩ። ለምን እንደገለበጥኩ ወይንሸት አልጠየቀችኝም፤ ብትጠይቀኝም አላውቅም። ያለ ፎልደሮቹ የትም ብከፍተው ባዶ ነው።

አጠፋሁት። ማሽኑን ዘግቼ ከፈትኩ።

ስክሪኑ ጥቂት ጠቁሮ ቆየና መጣ። ሰማያዊ መደብ፣ ታች ንጹሕ መሥመር፣ መሃል ላይ የዴስክቶፑ ዓርማ የሆነች ትንሽ አይጥ። ከግራ ጠርዝ ጀምሮ ፎልደሮቹ በፊደል ተራ ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል። ይህችን ስክሪን አውቃታለሁ፤ ደብረፀን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ መስኮት አጠገብ ባለው ማሽን ላይ ይህችው ነበረች። የትም አገር ያለ፣ ማንም ያልነካው ማሽን እንደዚህ ነው የሚከፈተው። የዳሞታ ቦታ ላይ አሁን ምንም የለም፤ ባዶነቱም እንደ ፊተኛው አይደለም፣ ዙሪያውን የሚከቡት ሰዎች ስለሌሉ።

«ተነሥ» አለችኝ።

ተነሣሁ። ማውሱን በቀኝ አደረገችው። በስተግራ በኩል ጠረጴዛው ላይ የደገፉ እጅ ቀለሙን የላጠበት ቦታ ቀርቶ ነበር፤ ስቴፕለሩን እዚያ ላይ አስቀመጠችበት። ከዚያ «በ» ን ፈለገች። ባሮክ፣ ብሩክታይት። ጉኑኖና በዴሳ ጎን ለጎን። ከፈተች፣ ዘጋች፣ ሌላ ከፈተች፣ ዘጋች። ፍጥነቷ ሲጨምር አየሁ።

«እንዲህ ነው እንዴ!» አለች። «እንዲህ ቀላል ነው እንዴ!»

ቅዳሜ ቦልቴ ሲመጣ እኔ መንገድ ማዶ ቆሜ ነበር። ሁለት ባለጉዳዮች ተራቸውን ሲጠብቁ አየሁ፣ ፕሪንተሩ ሲያጓራ ሰማሁ። ቦልቴ እስከ ምሳ ድረስ ተቀመጠ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ ጣሪያውን አየና «ይህ ቆርቆሮ ያፈሳል፤ ሰው እልክልሻለሁ» ሲላት ተሰማኝ። ወይንሸት ከወንበሯ ሳትነሣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ» አለችው። ዓይኗ ጽሑፏ ላይ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ስትጠራኝ የተበላሸ ነገር ያለ መስሎኝ ሮጬ ሄድኩ።

«ምንም አልሆነችም» አለች። «ና እይ ብዬ ነው።»

ፎልደሮቹ ከተራቸው ወጥተዋል። ከላይ በኩል አንድ ክምር፣ ከታች ሌላ ክምር።

«ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ። በማውሱ ስይዛቸው ይሄዳሉ ለካ። እነዚህ የላይኞቹ ገና የሚካሰሱት ናቸው፤ ቶሎ ቶሎ ይመጣሉ። የታችኞቹ ክሳቸው ያለቀ ነው። ያረፉ።» በጣቷ አንዱን ከታች አሳየችኝ። «ባሮክ ጦና ከወንድሙ ጋር ታርቋል፤ የእናንተ አገር ሰው አይደል? አልሰማህም እንዴ?»

አልሰማሁም ነበር። ጉኑኖ በየሳምንቱ እየሄድኩ አልሰማሁም።

«ጥሩ ነው?» አለችኝ።

«በጣም ጥሩ ነው።»

«አንተ ባትኖር እኮ ያ ስልክ ጠጋኝ ፎርማት አድርጎ ጉድ ይሠራኝ ነበር። ና፣ ቁጭ በል፣ ሻይ ልዘዝልህ።»

ሻዩ ከመምጣቱ በፊት ሰው ገባ፤ ጥሩዬ የምትባል አስተማሪ፣ የዝውውር ማመልከቻ ልታስጽፍ። ከሷ ኋላ ሌላ ሰው። ወይንሸት መጻፍ ጀመረች። በወላይትኛ እየሳቁ ይጨዋወታሉ፤ ስለ ማን እንደሆነ አልገባኝም፣ የሚያውቁት ሰው ነው። ሻዬን አግዳሚው ጫፍ ላይ ጠጥቼ ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩና ወጣሁ። ስትጽፍ ስለነበረ አላየችኝም።

ያን ቀን ክፍሌ ገብቼ ምንም አልሠራሁም። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲመታ፣ ሲያቆም፣ እንደገና ሲመታ ሰማሁ። ፍላሹን ላፕቶፔ ላይ ሰካሁት፣ ነቀልኩት። ከሰዓት በኋላ ለአባቴ ደወልኩ። ሰኞ ደውዬለት ስለማላውቅ ደነገጠ።

«ታመምክ?»

«አልታመምኩም አባዬ። እንዲሁ ነው።»

«እንዲሁ?»

«አንድ ሰው ነበረ እዚህ። ደገፉ የሚባል፤ የአከራዬ ባል። ሞቷል። አቤቱታ ጸሐፊ ነበር። ስለሱ ልነግርህ ፈልጌ ነው።»

«ነፍሱን ይማር። የማን ልጅ ነው? ከየትኛው ጎሳ ነው?»

«አላውቅም።»

«ከየት ነው የሚያውቅህ?»

«አያውቀኝም። እኔም አላውቀውም፤ ከመምጣቴ በፊት ነው የሞተው።»

ስልኩ ውስጥ ዶሮ ጮኸ፤ አባቴ አሽ ብሎ አባረረው። ላስረዳው ሞከርኩ። ስክሪን ላይ ሰዎቹን በየአገራቸው አስቀምጧቸው ነበር አልኩት፤ የጉኑኖን በጉኑኖ፣ የበዴሳን በበዴሳ፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ማጥፋትም ነበረብኝ፣ ሴትየዋ ክፍሏን ልታጣ ነበር። በወላይትኛ ጀምሬ መሃል ላይ ወደ አማርኛ ገባሁ፤ ስክሪን የሚለውን ማስረዳት ስላቃተኝ።

አባቴ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ትዕግሥተኛ ሰው ነው።

«ሴትየዋ ክፍሏን አገኘች?»

«አገኘች።»

«እንግዲህ ደግ ሠርተሃል። ታዲያ ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«በልተሃል?»

«በልቻለሁ።»

ስልኩን የዘጋ መስሎኝ ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት፤ አልዘጋውም።

«እዚያ ይዘንባል?» አለኝ።

«ይዘንባል።»

«እዚህም ይዘንባል» አለ።